ብርድ የመታው መብራት

ጎረቤታችን እማማ በዓል ሲሆን ለቡና ይመጣሉ። ባለፈው ፋሲካ ቶናው ላይ ደርሰን ሳለ፣ ስኒያቸውን እንደያዙ ግድግዳው ሥር ወደቆመው መብራት ዞረው ዝም ብለው ቆዩ። በጠርሙሱ ውስጥ ቀዩ ሰም ከሥር እያበጠ ይነሣል፤ አንገቱ ይቀጥናል፤ ይበጠሳል፤ ክብ ሆኖ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። በመጨረሻ «ይህ ነገር ለማንበብ አይሆን፣ እጅ አያሞቅ፣ ውሃ አያፈላ። ለምኑ ነው እንዲህ የምትደክምለት ልጄ?» አሉኝ።

«ለዓይን ነው እማማ።»

«ለዓይንማ አበባ አለ» ብለው ወደ ስኒያቸው ተመለሱ።

ነገሩ በሳቅ አለፈ፤ ከእኔ ጋር ግን ከረመ። እማማ የጠየቁት የሰፈሩን ሁሉ ጥያቄ ነውና። ደብረ ብርሃን ውስጥ ዕቃ የሚጠገነው ስለሚያስፈልግ ነው። ምጣዱ ሲቃጠል የሚጋገር እንጀራ አለና ይሠራል፤ ራዲዮው ሲዘጋ የሚሰማ ዜና አለና ይፈታል። እኔ ከቢሮ ወጥቼ ማታ ማታ ካቻቢቴና ፒንሳ ይዤ የምቀመጠው ግን፣ ባይሠራ ማንም የማይጎዳበትን ዕቃ ለማስነሣት ነው።

የማወራው ስለ ላቫ ላምፕ ነው። በውጭ ፊልሞች ውስጥ ብዙ ሰው አይቶታል፦ ረጅም ጠርሙስ፣ በውስጡ ፈሳሽና ባለቀለም ሰም፣ ከሥሩ አምፖል። አምፖሉ ሰሙን ያሞቀዋል። የሞቀ ሰም ይሰፋል፣ ከፈሳሹ ይቀልላል፣ ይነሣል። ላይ ሲደርስ ይቀዘቅዛል፣ ይከብዳል፣ ይወርዳል። ሌላ ሞተር የለውም። እንግሊዛዊው ኤድዋርድ ክሬቨን ዎከር ሐሳቡን ያገኘው አንድ መጠጥ ቤት ውስጥ ካየው የእንቁላል መቀቀያ ጊዜ መለኪያ እንደሆነ ይተረካል፤ ዕቃው ውስጥ ያለው ቅባት በሙቀት ቀልጦ ሲነሣ እንቁላሉ በስሏል ማለት ነው። ሰውየው ከዚያች መለኪያ ተነሥቶ ብዙ ከደከመ በኋላ በ1963 እ.ኤ.አ. «አስትሮ» ያለውን መብራት ለገበያ አወጣ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል ከዚህ የቀረበ ምሳሌ የሚገኝ አይመስለኝም። በ1965 ደግሞ ሁለት አሜሪካውያን ነጋዴዎች ሃምቡርግ በተካሄደ የንግድ ትርኢት ላይ አይተውት የአሜሪካውን የማምረት መብት ገዙ፤ ቺካጎ ውስጥም መመረት ጀመረ። እኔ ዘንድ የሚደርሱት መብራቶች አብዛኞቹ ከዚያኛው ወገን ናቸው።

ለእማማ ጥያቄ ቁም ነገር ያለው መልስ ላገኝ ብዬ አንድ ቀን የሳን ፍራንሲስኮውን ወሬ ይዤላቸው ሄድኩ። ክላውድፍሌር የሚባል የኢንተርኔት ኩባንያ እዚያ በሚገኘው ቢሮው መግቢያ ላይ መቶ ያህል ላቫ ላምፖች ደርድሮ በካሜራ ይቀርጻቸዋል። ሰሙ በየትኛው ቅጽበት የት እንደሚሆን አስቀድሞ ማወቅ ስለማይቻል፣ ምስሉ ወደ ቁጥር ይለወጥና በኢንተርኔት የሚተላለፉ መልእክቶች የሚቆለፉበትን ቁልፍ ለመሥራት ያግዛል። እማማ ጆሯቸውን ሰጥተው ከሰሙኝ በኋላ «አንተስ ምን የሚቆለፍ ምስጢር አለህ?» አሉኝ። ደመወዜን ያውቁታል።

በሻንጣ የመጣ ፍርደኛ

ላቫ ላምፕ እዚህ ሱቅ ውስጥ ተደርድሮ አይቼ አላውቅም። የሚመጣው በሻንጣ ነው፤ ውጭ አገር የከረመ ዘመድ ለልጆች ብሎ ይዞት ይገባል። አንዳንዱን ደግሞ መርካቶ፣ ምናለሽ ተራ፣ ከአሮጌ ዕቃ ክምር ውስጥ አገኘዋለሁ። አንዱን የሸጠልኝ ነጋዴ ምንነቱን ስላላወቀ «የፈረንጅ መጠጥ ነው፣ ግን አትቅመሰው» ብሎ አስጠንቅቆኛል። ምክሩ ትክክል ነበር።

እጄ ላይ ሲደርስ ሁሉም «ሞቷል» የሚል ፍርድ ይዞ ነው የሚደርሰው። ፈራጁም ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሰካው ሰው ነው። የአሜሪካው አምፖል የለመደው 120 ቮልት ነው፤ የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው። ቮልቴጁ እጥፍ ሊሆን ጥቂት ሲቀረው ጉልበቱ ከሦስት እጥፍ ያልፋል፤ ክሩ አንዴ ቦግ ብሎ ይበጠሳል። ባለቤቱም ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቅልሎ ቁም ሣጥን አናት ላይ ይሰደዋል። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል። አምፖል መቀየር ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙዎቹ አምፖል አንገት ከእኛው ይቀጥናል። ስለዚህ የአምፖል መያዣውን አውልቆ በእኛው መተካት፣ ሽቦውን ማደስ፣ ጠፍጣፋውን ስፒና ቆርጦ ባለ ክብ እግሩን ማሰር ይከተላል። ትራንስፎርመር ገዝቶ መገላገልም ይቻላል። እኔ ግን ከመብራቱ የሚከብድ የብረት ሣጥን ጎኑ ሲቀመጥ ማየት አልወድም።

ሌላው ፍርደኛ ኤልኢዲ የሚባለው፣ ብዙም የማይሞቀው አምፖል የገባበት ነው። ባለ ክሩ ቢጫ አምፖል ከየሱቁ እየጠፋ ያለው የሚበላውን ኤሌክትሪክ አብዛኛውን በሙቀት መልክ ስለሚያባክን ነው። ለቤት መብራት ይህ ትክክለኛ ክስ ነው። ላቫ ላምፕ ግን የሚኖረው በዚያ በባከነው ሙቀት ነው። ኤልኢዲ ሲገባበት ጠርሙሱ ደምቆ ያምራል፣ ሰሙ ግን ከሥር ተኝቶ አይነቃነቅም። ስለዚህ አንድ አሮጌ ሱቅ ውስጥ ባለ 25 ወይም ባለ 40 ዋት ቢጫ አምፖል ባየሁ ቁጥር መደርደሪያውን አራግፌ እወጣለሁ። ባለሱቁ ጫጩት የማሳድግ መስሎት በመጣሁ ቁጥር ስለ ዶሮዎቼ ጤና ይጠይቀኛል። እኔም ደህና ናቸው እላለሁ።

አልወጣም ያለው ዓምድ

ከሁሉም ያስቸገረኝ፣ የሥራ ባልደረባዬ አጎት ከአሜሪካ ሲመለሱ ያመጡት ትልቅ መብራት ነው። ክንድ የሚያህል ቁመት አለው፤ ፈሳሹ ሰማያዊ፣ ሰሙ ነጭ። «እዚያ እያለ ሌሊቱን ሙሉ ይጫወት ነበር፤ እዚህ ሲገባ ደነዘዘ» አሉኝ አጎትየው። ይህን ሲሉኝ ራሳቸው ካፖርታቸውን ቤት ውስጥም አላወለቁም ነበር።

ወቅቱ ኅዳር ነው፤ ጠዋት ጠዋት ውርጩ የሜዳውን ሣር ነጭ የሚያደርግበት። አምፖሉን ለውጬ፣ ሽቦውን በቴስተር ለክቼ ሰካሁት። ሰሙ ለረጅም ጊዜ ምንም አላለም። ከዚያ የላዩ ቅርፊት በአንድ ቦታ ተሰነጠቀና ጣት የሚያህል ቀጭን ነገር ብቅ አለ። እየወፈረ፣ እየረዘመ እስከ ጠርሙሱ ወገብ ወጣ። እዚያ ሲደርስ ጫፉ ወደ ጎን ዘንበል አለና ቆመ። ከሥር የቀለጠው ሰም ይንቀሳቀሳል፤ ግን አልፎ የሚወጣበት ጉልበት አጣ። ላዩን በመዳፌ ስነካው የጠርሙሱ አናት ለብ እንኳን አላለም፤ ከሥር ያለው ደግሞ እጅ አያስነካም።

በላቫ ላምፕ ጥገና መጀመሪያ የሚታየው ከጠርሙሱ ሥር የተጋደመው ክብ ጥምዝ ሽቦ ነው። ሙቀቱን በሰሙ ውስጥ ያዳርሳል፤ ከላይ የሚወርዱትን ክቦችም ቆዳቸውን እየበጣ ከሥረኛው ሰም ጋር ያዋህዳቸዋል። እሱ ከቦታው ከተንሸራተተ ወይም ሰሙ ላይ ከተንጠለጠለ ሥራው ሁሉ ይዛባል። የዚህኛው ሽቦ በቦታው ነበር። ፈሳሹ ጥርት ያለ ነው፤ አልደፈረሰም። አምፖሉ ከሥሩ በተጻፈው ዋት ልክ ነው። በአጭሩ፣ አንድ በሽታ አላገኘሁበትም፤ ጤነኛ ነው እንዳልል ደግሞ ዓምዱ እንደቆመ ነው። መብራት በጠፋ ማታማ ተስፋም የለም፤ ለመሞቅ ከሁለት ሰዓት በላይ የሚፈልግ ነገር ሊነቃነቅ ሲል ይቋረጥና ከዜሮ ይጀምራል።

ቢሮ ውስጥ ጉዳዩን የሰማ ሁሉ መድኃኒት አዘዘልኝ። ከሁሉም የተደጋገመው «ከሰል ምድጃ ጫፍ ላይ ጣል አድርገው» የሚለው ነው። እዚህ ላይ ቀልድ የለም። በ2004 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ፣ በዋሽንግተን ግዛት፣ አንድ ወጣት ላቫ ላምፑን በምድጃ ላይ ሲያሞቅ ጠርሙሱ ፈንድቶ ስባሪው ልቡን ወግቶት ሞቷል። የታሸገ ጠርሙስ እሳት ላይ አይጣድም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እዚህ ግን ለመልቀምም የሚተርፍ ሰው አይኖርም።

ጣርማበርን ስንወርድ

ጥር ላይ የእህቴ ልጅ ሠርግ ሸዋ ሮቢት ተደገሰ። የሙሽራዋ ታናሽ ወንድም መብራቱን በስልክ ፎቶ አይቶት ስለነበር «ጋሼ፣ ባይሠራም አምጣው፣ ለድንኳኑ ጌጥ ይሆናል» አለኝ። አወዛውዤ እንዳላደፈርሰው ከመነሣቴ በፊት ሌሊቱን ቀዝቅዞ ሰሙ እንዲጠነክር አደረግሁ፤ ጠርሙሱን በጋቢ ጠቅልዬ ጭኔ ላይ ይዤው ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ቅርጹን አይተው የመንዝ አረቄ መስሏቸው በጣም አክብረውኝ ነበር።

ያንን መንገድ የሚያውቅ ያውቀዋል። ጣርማበር ላይ ጉሙ መስኮቱን ይሸፍናል፤ ጣሊያን የፈለፈለው ዋሻ ውስጥ ተገብቶ ሲወጣ ምድር ከሥር ተከፍታ ትጠብቃለች። ከዚያ ቁልቁለቱ ነው። ደብረ ሲና ሲደረስ የፊት ወንበሩ ሹራቡን ያወልቃል፤ ትንሽ ዝቅ ሲባል መስኮት ይከፈታል፤ ሮቢት ሲቃረብ ጋቢ የያዘ ሰው ጋቢውን የሚያኖርበት ያጣል። የእኔ ጋቢ ግን መብራቱ ላይ ነበር። አጠገቤ ያሉት ሰውዬ ግንባራቸውን እየጠረጉ «ጠርሙሱን ግለጥለት እንጂ፣ ይታፈናል» አሉኝ።

ማታ እህቴ ቤት ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ሰካሁት። ድግስ ቤት ነውና ማንም አላየውም፤ እኔም ሽንኩርት ከሚልጡት ጋር ተቀመጥኩ። ራት ቀርቦ ሳለ የእህቴ ልጅ ጮኾ ጠራኝ። ዓምዱ የለም። ሰሙ ወፍራም ወፍራም ክብ ሆኖ፣ አንዱ ሲነሣ ሌላው ሲወርድ፣ መሀል ላይ ሲገናኙ እየተገፋፉ፣ አጎትየው እንዳሉት ይጫወታል። «ጋሼ፣ ተሠራልህ እኮ!» አለኝ ልጁ። ምንም አልሠራሁም። አንድ ብሎን አልነካሁም።

ሌሊቱን ሲሠራ አድሮ፣ በማግሥቱ ቀትር ላይ፣ የቆርቆሮው ጣሪያ በጋለበት ሰዓት፣ ተመልሼ አየሁት። ሰሙ በሙሉ ላይ ወጥቶ የጠርሙሱ አናት ላይ ተሰብስቧል። ከሥር ባዶ ሰማያዊ ፈሳሽ ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ አልወጣም ያለው ሰም ሮቢት ላይ አልወርድም አለ።

ጠረጴዛው አጠገብ ወንበር ስቤ የተቀመጥኩት ያኔ ነው፤ የሠርጉ ሚዜዎች ሲያልፉ «ያመዋል እንዴ?» እስኪሉ ድረስ። መብራቱ አንድ ነው፣ አምፖሉ አንድ ነው፣ ግድግዳው የሚሰጠው ያው 220 ነው። የተለወጠው ከፍታው ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ዝቅ ብላለች። አየሩ በየሺህ ሜትሩ ስድስት ተኩል ዲግሪ ያህል ይለዋወጣል ተብሎ ቢሰላ፣ በመቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ አሥር ዲግሪ ያህል ወደሚሞቅ አገር ወርጃለሁ ማለት ነው። ላቫ ላምፕ ደግሞ የሚሠራው በሙቀት ሳይሆን በሙቀት ልዩነት ነው። ሰሙ ከሥር በበቂ መሞቅ፣ ከላይም በበቂ መቀዝቀዝ አለበት። አናቱ በጣም ከቀዘቀዘ ሰሙ ወገቡ ላይ ይደርቃል። አናቱ ካልቀዘቀዘ የወጣው አይወርድም። ሠሪዎቹ የአምፖሉን ዋት የመረጡት ሞቅ ያለ የፈረንጅ ሳሎን አስበው ነው። ሳሎኑ የመብራቱ አንድ አካል ነበር፤ ሻንጣ ውስጥ ያልገባው እሱ ብቻ ነው።

ለልጁ ይህን ሳስረዳው እስከ መጨረሻው አልሰማኝም። ሮጦ የእናቱን ማራገቢያ አምጥቶ የጠርሙሱ አናት ላይ አዞረው። ጥቂት ቆይቶ የመጀመሪያው ክብ ከላይ ተላቅቆ እየከበደ ወረደ። ሚዜዎቹም ተመልሰው መጥተው አዩ። ማራገቢያው ለሙሽሮቹ ተብሎ የተገዛ ስለነበር እህቴ ልትነጥቀን መጣች፤ እሷም ቆማ አየች።

ከዚያ ወዲህ

ከሮቢት ስመለስ የመጠገኛ ሥርዓቴ ተለወጠ። አሁን መብራት ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «የት ነበር የሚቀመጠው?» ብዬ ነው። የሲሚንቶ ወለል ላይ? መስኮት ሥር? ሌሊት ነፋስ በሚገባበት በር ትይዩ? ደብረ ብርሃን ውስጥ ሰሙን ለማስነሣት የጠርሙሱን አናት በአሉሚኒየም ወረቀት መሸፈን ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ ሙቀቱ በአናቱ እንዳይሸሽ ያደርጋል። ጨርቅና ሱፍ አላስጠጋም። ከተጻፈበት ዋት በላይ የሆነ አምፖልም አላስገባም፤ ብርድን በትልቅ አምፖል ማሸነፍ የሚያምር ሐሳብ ቢሆንም መያዣውን ያቃጥላል። በፋሲካ ደህና ሲጫወት እማማ ያዩት ትንሹ መብራቴም ኅዳር ላይ ለምን እንደሚለግም ገባኝ፤ ከመስኮቱ ትይዩ ካለው ግድግዳ አንሥቼ ኩሽናውን ወደሚያዋስነው አዛወርኩት።

ይህን ሥራ ለምን እንደምወደው ያወቅሁትም በዚያ ሰሞን ይመስለኛል። ስልክ ሲበላሽ ሲከፈት የሚታይ ነገር የለም፤ ጥቁር ቁራጭ ነው፣ ጠጋኙም «ቦርዱን እንለውጠው» ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። ላቫ ላምፕ ግን በሽታውን በመስታወት ውስጥ አቁሞ ያሳያል። ዓምድ ከሆነ በርዶታል። አናቱ ላይ ከተሰበሰበ ሞቆታል። ብዙ ጥቃቅን ክብ ሆኖ አልዋሃድ ካለ ሽቦው ተንሸራቷል ወይም ፈሳሹ ተበላሽቷል። ወተት ከመሰለ ትኩስ እያለ ተወዛውዟል። የሚያስፈልገው ዓይንና ትዕግሥት ነው፤ ሁለቱም አይገዙም። ይህ ለእማማ መልስ አይሆናቸውም፤ አበባቸውም ያው ሲጠወልግ በሽታውን ያሳያል።

የደፈረሰውን ማዳን ግን ትልቅ ጣጣ ነው። ጠርሙሱ የሚዘጋው እንደ ቢራ በቆርኪ ስለሆነ ሳይሰብሩ መክፈት ይቻላል፤ መልሶ ማሸግ ነው የሚያስቸግረው። ፈሳሹን አውጥቼ ለመኪና ባትሪ በሚሸጠው የተጣራ ውሃ እተካዋለሁ፤ አሲዱን ሳይሆን ውሃውን ማለቴ ነው። ከዚያ ክብደቱን ማስተካከል ይቀራል። ትንሽ ጨው ውሃውን ያከብደዋል፣ ሰሙም በቀላሉ ይነሣል፤ ጥቂት ካለፈ ሰሙ ላይ ተንሳፎ ይቀራል። ዕድሜያቸው የገፋ መብራቶችን ግን ፈጽሞ አልከፍትም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሰሙን ለማክበድ ካርቦን ቴትራክሎራይድ የሚባል መርዛማ ፈሳሽ ይቀላቀልበት ነበር፤ አሜሪካ በ1970 እ.ኤ.አ. ከቤት ውስጥ ምርቶች አግዳዋለች። ደፍርሶም ቢሆን ታሽጎ ይቀመጥ።

የአጎትየውን መብራት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ከተማ ውስጥ የእንግዳ ማደሪያ ያላቸው ሰው ዐይተውት ለእንግዳ መቀበያቸው ፈለጉት። ባለቤቱ ለመሸጥ ተስማሙ፤ እኔ ግን መሐል ሜዳ ከደብረ ብርሃንም እንደምትበርድ ስለማውቅ አስቀድሜ ነገርኳቸው። «ለመብራቱ ዋስ እሆናለሁ፤ ለመንዝ ብርድ ግን ዋስ አልሆንም» አልኳቸው። በዚሁ ሰበብ ዋጋውን አስቀንሰው ወሰዱት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደወሉልኝ። መቀበያው ውስጥ ዓምዱ ቆሞ ቀርቷል፤ ኩሽናው ውስጥ ከምድጃው ራቅ አድርገው ቢያስቀምጡት ግን ቀኑን ሙሉ ይሠራል። እንግዶቹ ሻያቸውን እዚያ ገብተው መጠጣት ስለጀመሩ ወጥ ሠሪዋ መንቀሳቀሻ አጥታ አኩርፋለች። ለመቀበያው ደግሞ ሌላ፣ ብርድ የሚችል እንድፈልግላቸው ለመኑኝ። እንዲህ ያለ እንደሌለ ነገርኳቸው፤ ይልቅ መቀበያውን ወደ ኩሽናው ቢያዛውሩት እንደሚቀላቸው።